ዝናብ በጠገበ ምድር የውሃ ጥም



ስለ ውሃ ችግር ሲወራ የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኦጋዴን፣ ወደ አፋር ወይም ወደ ቦረና ነው። ዝናብ የራቀው፣ ከብቱ ያለቀበት፣ አቧራ የሸፈነው አገር በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል። ስለ ሰሜን ሸዋ፣ ያውም ስለ ጅሩ ብንነግረው ግን ፈገግ ይላል። «ጅሩ ደግሞ ምን ጎደለው? ነጭ ጤፉ አለ፣ ስንዴው አለ፣ ሰንጋው አለ» ይለናል። እውነቱን ነው። የጅሩ ጤፍና የጅሩ በሬ ስማቸው አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው። ይሁንና እኛ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በእነዋሪ ያደግን ሰዎች ስለ አገራችን ሌላም የምናውቀው ነገር አለ። ይኸውም ጎተራው በሞላ ቤት ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሊጠፋ መቻሉ ነው።

የእነዋሪ ሜዳ ጥቁር መሬት ነው፤ ዋልካ ይባላል። ክረምት ገብቶ ሲርስ ያብጣል፤ እግር ይይዛል፤ ጫማ ያስቀራል። አንዴ ከጠገበ በኋላ ውሃ ወደ ታች በቀላሉ አያሳልፍምና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሜዳው ሐይቅ መስሎ ይተኛል። የጅሩ ገበሬ ሰብሉ እንዳይበሰብስበት ከጥንት ጀምሮ የያዘው ዘዴ ነበረው። መሬቱን ካረሰ በኋላ መደብና ቦይ እያወጣ ውሃውን ከማሳው ያስወጣል። ይህ ሥራ በእጅ የሚሠራ ነበር፤ በብዛት የሚሠሩትም ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ጎንበስ ብለው ጭቃውን በመዳፋቸው እየዛቁ መደቡን ያበጁታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል ከአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ጋር ስለ ጥቁር አፈር ጥናት ሲጀምር እነዋሪ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ሁለት የአገር ቤት ማረሻ ጎን ለጎን አያይዞ መደብና ቦይ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያም የዚያ ጥናት ፍሬ ነው። ተመራማሪዎቹን ያሳሰባቸው ታዲያ የውሃ ማነስ ሳይሆን የውሃ መብዛት ነበር!

ከማሳው የተባረረው ጎርፍ ወደ ሜዳው ዳር ይሄዳል። ሜዳው በገደል ያበቃል፤ ከገደሉ ሥር ጀማ ወንዝና ገባሮቹ ይወርዳሉ፤ ጀማም ዐባይን ይቀላቀላል። እንግዲህ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውስጥ ከተኛው ውሃ ጥቂቱ ከደጃችን የሄደ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። (የእኛ ልጆች ይህን በጂኦግራፊ ትምህርት ሲሰሙ በጣም ደስ ይላቸዋል። እናቶቻቸው ግን «እሱማ ይሄዳል፤ እኛ ጋ የሚቆየው የቱ ነው?» ይላሉ።)

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ነገሩ ይገለበጣል። ያ ያበጠ አፈር ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሕፃን እግር ያስገባል። በእጅ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከወር ወር ይጎድላሉ። ጥር ሲገባ በባልዲው ገመድ ላይ ሌላ ገመድ ይቀጠላል። መጋቢት ላይ የሚወጣው ውሃ የደፈረሰ ነው፤ ማታ ተቀድቶ እስኪጠልል ሌሊቱን ያድራል። የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን የከተማውም ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጭ መውረዱ አይቀርም። ኩሬዎቹም ቢሆኑ የሰው ብቻ አይደሉም። ያ ስሙ የገነነ ሰንጋ በሙቀት ቀን ሁለት ጀሪካን ያህል ውሃ ሊጠጣ ይችላል፤ የሚጠጣውም ሰው በሚቀዳበት ኩሬ ገብቶ፣ እዚያው እየሸና እዚያው እየጣለ ነው።

ይህ አፈር ሌላም ጠባይ አለው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፈርበት በበጋ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ይሞላውና ይፈሳል ወይም ይደረመሳል። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ስንጥቆቹ ገና አልተዘጉምና በየሜዳው የተከማቸውን እበትና ሌላውንም ቆሻሻ አጥቦ በስንጥቁ በኩል ሳይጣራ ወደ ጉድጓዶቹ ይወስደዋል። ለዚህም ነው ተቅማጥ በአካባቢያችን የሚበረታው ውሃ በጠፋበት በሚያዝያ ብቻ ሳይሆን ውሃ በመጣበት በሰኔም ጭምር የሆነው። ሰዉ «ዝናቡ ሕመም ይዞ መጣ» ይላል። ዝናቡ ግን ንጹሕ ሆኖ ነው የወረደው። ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ንጹሕና የሚያነጻ መሆኑን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን ነግሮናል። ያገኘውን ሁሉ የተሸከመው መሬት ከነካ በኋላ ነው።

የጠራ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

እዚህ ላይ ለእኛ ለሙስሊሞች በተለይ ሊጤን የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። በየመድረሳው ስለ ጠሃራ ስንማር ከሁሉ አስቀድሞ የምናጠናው የውሃ ዓይነቶችን ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ሁለት ቁላ የሞላ ውሃ፣ ማለትም 200 ሊትር ገደማ የሚሆን፣ ነጃሳ ቢገባበትም እንኳ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ ጠሃራነቱን አያጣም። ይህ ሕግ ለሰው እዝነት ነው፤ በኩሬና በጉድጓድ የሚኖር ሕዝብ ሶላቱን ሳይጨነቅ እንዲሰግድ አድርጎታል። ነገር ግን ስለ ውዱእ የተነገረውን ሕግ ስለ መጠጥ እንደተነገረ አድርጎ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። «ሸይኹ በዚህ ውሃ ውዱእ አድርገው የለም እንዴ? ታዲያ ልጁ ቢጠጣው ምን ይሆናል?» የሚል ክርክር በጆሯችን ሰምተናል።

የተቅማጥ፣ የታይፎይድና የኮሌራ ጀርም ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ጣዕምም አይለውጥም። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ጨርሷል። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ እየጠየቀ ሲከታተል አብዛኞቹ የቀዱት ከአንድ የመንገድ ዳር ፓምፕ ሆኖ አገኘው። የዚያ ፓምፕ ውሃ በጣዕሙ የተወደደ ነበር። ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት እንኳ ጣዕሙን ወዳው በየቀኑ እያስመጣች ትጠጣ ስለነበር በዚያው ሞተች። የፓምፑ እጀታ እንዲነሳ የተደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የተባለው በሽታ፣ ብዙ ቦታ ተዛምቶ ነበር። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ከባሌ ተነስቶ ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ደርሷል።

ዲናችን ታዲያ በዚህ ረገድ ባዶ እጃችንን አልተወንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። ሰው ውሃ በሚቀዳበት፣ በሚያልፍበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ሥራ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የውሃ ዕቃ ሌሊት ተከድኖ እንዲያድር፣ ከእንቅልፍ የነሳ ሰው እጁን ሳይታጠብ ወደ ዕቃው እንዳያስገባ አስተምረዋል። በየቤታችን እንስራው ሳይከደን የሚያድረው፣ ልጁ ያንኑ ኩባያ ከነእጁ ነክሮ የሚቀዳው ታዲያ የትኛውን ሱና ተከትሎ ነው? ረጅም እጀታ ያለው መቅጃና ክዳን መግዛት የድሃም አቅም ነው።

ስለ ማፍላት ግን ሐቁን እንናገር። የጤና ባለሙያ ሲመጣ «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ይለናል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የጅሩ ሜዳ ዛፍ የለሽ ነው ማለት ይቻላል፤ እንጀራ የሚጋገረውና ወጥ የሚሠራው በኩበት ነው። አንድ ጀሪካን ውሃ ለማፍላት የሚነደው ኩበት ለእናት የአንድ ቀን ድካም ነው፤ ለማሳውም የቀረ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር «አፍሉ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። በየሱቁ የሚሸጠው ውሃ አጋር የተባለው የማከሚያ መድኃኒት በዚህ ረገድ ከኩበት ይረክሳል፤ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ለዚህም ገንዘብ ላጣ ሰው ሌላ መላ አለ። የጠለለ ውሃ ቀለም በሌለው ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ማቆየት ብዙውን ጀርም ይገድላል፤ ደመና ከሆነ ግን ሁለት ቀን ይፈልጋል። የእነዋሪ የበጋ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አይሰስትም።

የአያታችን ወረንጦ

የውሃ እጦት ሲባል ሰው የሚያስበው ጥምን ነው። ጥም ግን ቶሎ ይታያል፤ መፍትሔም ይፈለግለታል። በዝግታ የሚጎዳው አለመታጠብ ነው።

አያታችን (አላህ ይዘንላቸውና) በቀሚሳቸው ጥለት ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ወረንጦ ይዘው ይዞሩ ነበር። በየሁለት ሦስት ቀኑ ደጃፍ ላይ ይቀመጡና ከልጅ ልጆቻቸው አንዳችንን ጠርተው «ነይ ልጄ፣ ይቺን ጠጉር አውጪልኝ» ይላሉ። የዐይን ቆባቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ የዐይናቸውን ብሌን ይፍቀው ነበርና። ነቅለንላቸው ጥቂት ቀን እፎይ ይላሉ፤ ተመልሶ ሲበቅል አጭርና ሻካራ ስለሚሆን ከቀድሞው ይብስባቸዋል። በመጨረሻ የግራ ዐይናቸው ጠፋ፤ ቀኙም ጥላ ብቻ ያይ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ዐይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ለቤቱ ሁሉ ውሃ ሲቀዱ የኖሩት እርሳቸው መሆናቸው ነው። ለራሳቸው ፊት የሚተርፍ ውሃ አልነበረም።

በሽታው ትራኮማ ነው። በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በነጠላ ጫፍ፣ እንዲሁም ባልታጠበ የሕፃን ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። አንዴ ቢይዝ ይድናል፤ ደጋግሞ ሲይዝ ግን የቆቡን ውስጥ እያቆሰለ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ቆቡን ያጥፈዋል፤ ከዓመታት በኋላ ያሳውራል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዐይን ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከመቶ 62ቱ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል፤ በአገር ደረጃ ቁጥሩ ከመቶ 40 ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በዘመቻ በሚታደለው መድኃኒትና በቆብ ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰው ተርፏል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የዓመት ነው፤ ፊት የሚቆሽሸው በየቀኑ ነው።

በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን የሚታጠብ ሕዝብ ለዚህ በሽታ እንዴት ይጋለጣል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ልጅ በሶላት የሚታዘዘው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ትራኮማ አብዝቶ የሚይዘው ደግሞ ገና ውዱእ የማያውቀውን የሁለትና የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። አባት ለፈጅር ውዱእ አድርጎ ሲነሳ በማንቆርቆሪያው የቀረችው ውሃ የዚያን ሕፃን ፊት ለማጠብ ትበቃለች።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ደግሞ ጥቂት እንበል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣለች። መንግሥት በመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ሰው በቀን 15 ሊትር ከ1.5 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ፣ በሁለተኛው ደግሞ 25 ሊትር ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ እንዲደርስ ግብ አውጥቶ ነበር። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 25 ሊትር ለነፍስ ወከፍ ማለት በቀን ሰባት ጀሪካን ተኩል ነው። በመጋቢት ወር ሰባት ጀሪካን የምታመላልስ ልጅ ትምህርት ቤት የምትሄደው በየትኛው ሰዓት ነው? ከፍ ስትል ደግሞ የወር አበባ ይመጣል። ውሃ የሌለበት ትምህርት ቤት ለእርሷ በወር ሦስትና አራት ቀን የተዘጋ ነው። እናቶች ይህን ያውቃሉ፤ አባቶች ግን ብዙውን ጊዜ «አመማት» የሚለውን ቃል ብቻ ይሰማሉ።

ከአጥሩ ውስጥ ወይስ ከአጥሩ ውጭ?

በእነዋሪና በዙሪያዋ አብዛኛው ነዋሪ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ሙስሊሞቹ ጥቂት ነን። በደስታም በኀዘንም አብረን እንቆማለን፤ ከአንድ ምንጭ እንቀዳለን። ባለፈው ዓመት ታዲያ በጀመዓችን መካከል ሰውን ከሰው ያከራከረ ጉዳይ ተነሳ። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ለመስጊዱ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚሆን ገንዘብ ላኩ። ሐሳቡ በጣራው ቆርቆሮ ላይ አሸንዳ ገጥሞ የክረምቱን ዝናብ እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ሊትር በሚይዙ ሁለት ሮቶዎች መያዝ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ወደ 100 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ጣራ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1000 ሊትር ይሰጣል። በአካባቢያችን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚዘንብ ሮቶዎቹ በሐምሌ ሞልተው ይፈሳሉ። ጭንቁ መሙላቱ ላይ ሳይሆን እስከ ሰኔ ማቆየቱ ላይ ነው።

ክርክሩ የተነሳው የቧንቧው ቦታ ላይ ነው። አንድ ዕድሜ የጠገቡ አባት «ገንዘቡ የተላከው ለመስጊድ ነው። ወቅፍ ደግሞ የሰጪው ቃል ነው። ቧንቧው ከአጥሩ ውስጥ ይሁን፤ ወደ መንገድ ካወጣነው በሳምንት ያልቃል፤ ሰጋጁ ያለ ውዱእ ይቀራል» አሉ። ቃላቸው በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የወቅፍ ሰጪ ያስቀመጠው ሁኔታ መከበር እንዳለበት ዑለማዎቻችን አስተምረውናል።

የመድረሳው ኡስታዝ በአክብሮት መለሱ። መካውያን ተሰደው መዲና ሲገቡ የሚጠጣ ውሃ ቸግሯቸው እንደነበር፣ የሩማን ጉድጓድ ገዝቶ ለሕዝብ ለሚያውል ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጀነትን ቃል እንደገቡለት፣ ዑስማን ኢብኑ ዐፋንም (ረ.ዐ) በገንዘባቸው ገዝተው ለሀብታሙም፣ ለድሃውም፣ ለመንገደኛውም እንዳደረጉት አስታወሱን። የእርሳቸው የራሳቸው ባልዲ እንኳ ከሌላው ሰው ባልዲ እኩል ነበረች። በትርፍ ውሃው መንገደኛን የከለከለ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ከማይመለከታቸው መካከል መሆኑም በቡኻሪ ተዘግቧል። «መንገደኛው ሃይማኖቱ አልተጠየቀም» አሉ። ቀጠሉና «ደግሞስ አባቴ፣ ውሃው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዑለማዎች ምን ይላሉ? ውሃውን ለጥም አቆይ፣ አንተ ተየሙም አድርግ ይላሉ። ስለዚህ ጥም ከውዱእ ይቀድማል።»

አዛውንቱ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «እሺ፤ ይበቃል ወይ? እሱን አሳዩኝ» አሉ።

ወረቀትና እርሳስ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ በሁለት እጅ ታፍሶ የሚሞላ ነው፤ በሊትር ሲለካ ዜሮ ነጥብ ሰባት ገደማ ይሆናል። በየሶላቱ 20 ሰው በመስጊዱ ውዱእ ቢያደርግ በሙድ ከሆነ 14 ሊትር፣ በቀን አምስቱ ሶላት 70 ሊትር ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ መግቢያ ያሉት 8 ወራት 17 ሺህ ሊትር ያህል ይጠይቃሉ። ቧንቧ ከፍቶ እያወራ የሚታጠብ ሰው ግን አንድ ውዱእ ላይ 5 ሊትር ማፍሰስ አይከብደውም። ሃያዎቹም እንዲያ ቢያደርጉ በቀን 500 ሊትር ይሄዳል፤ 20 ሺው ሊትር በ40 ቀን ያልቃል። ውሃውን የሚጨርሰው እንግዲህ መንገደኛው ወይስ ሰጋጁ? የበልግ ዝናብ ጥቂት ሲያክልበት በሙድ ውዱእ ካደረግን ወደ 10 ሺህ ሊትር፣ ማለትም 500 ጀሪካን ለጎረቤት ይተርፋል። ውሃ የሚጠፋው ከየካቲት እስከ ግንቦት ስለሆነ ያን ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀኑ 15 ጀሪካን መስጠት ይቻላል።

ገንዘቡን ወደላኩት ልጆች ተደውሎ ተጠየቁ። «ለመስጊዱና ለደጁ ይሁን» የሚል መልስ መጣ፤ ይህም ተጽፎ ተቀመጠ።

ስብሰባው ላይ ሴቶች አልነበሩም። ነገር ግን ቡና ይዛ የገባች አንዲት እናታችን የእህቶችን መልእክት አደረሰች። «ቧንቧውን ዝቅ አታድርጉት፤ ጀሪካን ከሥሩ ይቆም ዘንድ ከፍ ይበል። ጀሪካኑ የሚቀመጥበትም የድንጋይ መደብ ይሠራለት፤ ከመሬት ከማንሳት ከመደብ ላይ ማዘል ይሻላል። ደግሞ ማታ አትክፈቱት፤ ልጆቻችን በጨለማ አይሰለፉም፤ ጧት ይሁን።» ሦስቱም እንዳለች ጸደቁ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ጀሪካን የሚያዝል ሰው የተናገረው ይህን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው የጥገና ነገር ነው። በአገራችን ውሃ ቆፍሮ፣ አስመርቆ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ የተለመደ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የውሃ ተቋማት ቆጠራ ከአራቱ አንዱ ገደማ አገልግሎት የማይሰጥ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጎማ፣ ዘንግ ወይም አንድ ቡሎን ነው። እናቱ ለሞተችበት ለሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) በላጩ ሶደቃ ውሃ መሆኑ ተነግሮታል። ሶደቃው ጃሪያ፣ ማለትም የሚፈስ የተባለው ግን እስከሚፈስ ድረስ ነው፤ ቧንቧው ከተበላሸ ምንዳውን የሚያስቀጥለው ጠጋኙ ነው። ስለዚህ በየጁምዓው ለመለዋወጫ የሚሆን ሳንቲም እንዲጠራቀም ተወሰነ። የሰፈሩ እድርም ሳይጠየቅ ድርሻውን አመጣ። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ሆነ፤ አንዱ ከእኛ፣ አንዱ ከእድሩ።

ሮቶዎቹ በክረምቱ መግቢያ ተተከሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዝናቦች የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ እስኪያጥቡ ድረስ አሸንዳው ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሮቶው የተመለሰው። በማንቆርቆሪያዎቹ ላይ የሙድ ልክ በቀይ ቀለም ተሰመረ። ወጣቶቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ግን ከመስመሩ አሳልፎ የሚሞላውን የሚቆጣጠሩት እነሱ ሆኑ። ከየካቲት ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ጧት የመንገዱ ቧንቧ ይከፈታል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለአራስ፣ ለሕመምተኛና ልጅ ለሌለው ሽማግሌ ነው። ውሃ አጋሩን የሚጨምርበት አንድ ልጅ ተመድቧል።

በሚያዝያ አንድ ጊዜ የቧንቧው ራስ ተበላሽቶ ነበር፤ በጁምዓው ገንዘብ በማግስቱ ተቀየረ። ግንቦት 20 ቀን እነዚያ አዛውንት አባታችን ዘንግ አስመጥተው ሁለቱንም ሮቶዎች ራሳቸው አስለኩ። አንደኛው ባዶ ነበር። በሁለተኛው ውስጥ ሦስት ስንዝር ውሃ ቀርቶ ነበር።